20 ዓመት በመስኮት ያየሁት የመተሐራ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ገባሁ (ዋሻውንም አየሁት)

የገንደቆሬው

ሰላም ለሁላችሁ።

ድሬዳዋ ተወልዶ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። ናዝሬት ቁርስ፣ መተሐራ ሙቀት፣ አዋሽ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። መተሐራ ልትደርስ ስትል ግን መሬቱ ድንገት ይጠቁራል። አስፋልት የጫነ መኪና ተገልብጦ ያፈሰሰው ነው የሚመስለው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ። አፈር የለ፣ ሣር የለ። አያቴ እዚያ ስንደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና «የተቃጠለ አገር» ትል ነበር። ሾፌሩ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ነዳጁን ይረግጣል። አንድም ቀን የቆመ አውቶቡስ አላየሁም።

ከዚህ በፊት አንዴ ልገባ ሞክሬ ነበር። «አስጎብኚ ነኝ» ያለ ሰው ብሬን ተቀብሎ፣ መኪና ውስጥ እንደተቀመጥኩ ከአስፋልቱ ዳር አሳየኝ። «ይኸው ላቫ!» አለኝ፤ ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ፈስሶ የደረቀ ድንጋይ ማለቱ ነው። ላቫውንማ ከአያቴ ጋርም አይቼዋለሁ።

ዘንድሮ በጥምቀት ማግስት ግን በእግሬ ገባሁ። ይዞኝ የሄደው የከረዩ ልጅ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ጓደኛችን ልበለው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሣን። እኔ ለዚህ ጉዞ ብዬ የገዛሁት አዲስ ስኒከር አድርጌያለሁ። እሱ በረባሶ። ጫማዬን አይቶ ሣቅ አለና ምንም ሳይል ቀደመኝ።

ድንጋዩ ይጮኻል። ስትረግጠው እንደ ተሰበረ ሸክላ ቅጭቅጭ ይላል። አንዱም በቦታው አይቀመጥም፤ ይገላበጣል፣ ይንሸራተታል፣ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። ጫፉ ሁሉ ምላጭ ነው። ከአስፋልቱ 500 ሜትር እንኳ ያልራቅን ይመስለኛል፣ 40 ደቂቃ ፈጀብን። አንዴ ተንሸራትቼ በመዳፌ ደገፍ ብል ቆዳዬ ተገሸለጠ። መሐረብ ጠመጠምኩበት። ጓንት ያስፈልጋል ያለኝ ሰው አልነበረም፤ እናንተ አሁን ሰምታችኋል።

ከዚያ ወደ ፈንታሌ ተራራ ግርጌ ዞርን። እዚያ ድንጋዩ ሌላ ነው። ጥቁር ሳይሆን አረንጓዴ ቢጤ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ለመራመድ የሚመች። ዋሻዎቹ ያሉት እዚህ ነው። ከሩቅ ስታየው መሬቱ እዚህም እዚያም እንደ ጉብታ አብጧል። ጓደኛችን በየሁለት በየሦስት እርምጃው በዱላው ድንጋዩን ይመታል። «ቅጭ» ካለ ያልፋል። አንድ ቦታ ላይ «ድም» አለ። ቆመ። ደግሞ መታ፣ ድም። እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አስቆመኝና ዙሪያውን ዞሮ ወሰደኝ። ከጉብታው በስተጀርባ ጣሪያው የተደረመሰ ጎጆ የመሰለ ቀዳዳ አለ። ቅድም ቆመን የነበረው ጣሪያው ላይ ነበር ማለት ነው።

ጎንበስ ብለን ገባን። ውጪ ያለው ሙቀት እንደ በር ተዘጋ። ውስጡ የተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል፤ ጣሪያው ልስልስ ያለ፣ የታጠፈ። በአንድ በኩል ጥላሸት ይዞታል፤ እረኞች በዝናብ ጊዜ እሳት ያነዱበታል አለኝ። መሬቱ ላይ አጥንት አለ፣ የፍየል መንጋጋ፣ የከብት ቀንድ። ከጥግ ደግሞ ነጭ፣ ኖራ የሚመስል ኩስ። «ጅብ ነው፤ አሁን የለም፤ ማታ ግን ቤቱ ነው» አለኝ። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየሁም፣ እውነቱን ለመናገር።

ጥያቄዬ፦ ዋሻው እንዴት ነው የተሠራው? ውሃ ነው እንዳልል ውሃ የለም። ሰው ነው እንዳልል ማን ይቆፍረዋል? ደግሞ ለምንድን ነው አንዱ ድንጋይ ጥቁር ምላጭ፣ ሌላው ግራጫና ጠፍጣፋ የሆነው? የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

ሚሚ_ካዛንቺስ

ፎቶ የታለ?

የገንደቆሬው

ሚሚዬ፣ ስልኬ በሙቀት ራሱን አጠፋ። ከዋሻው ውስጥ ያነሳሁት አንድ አለ፤ ጨለማና የኔ አውራ ጣት ነው የሚታየው።

ባልጩት

ወንድሜ፣ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ጂኦሎጂ ተምሬያለሁ፤ ፈንታሌንም በተማሪነቴ በእግሬ ዞሬዋለሁ፤ ስለዚህ ልሞክር። ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያየኸው። አብሮ ስላለ አንድ ይመስላል እንጂ ዕድሜያቸው እንኳ አይገናኝም።

ጥቁሩ ባዛልት የሚባል የላቫ ድንጋይ ነው። የፈሰሰው እ.ኤ.አ. 1820 አካባቢ፣ ከተራራው በስተደቡብ መሬቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቆ ነው። 200 ዓመት ብቻ። አጼ ቴዎድሮስ ገና ሕፃን ሳሉ ማለት ነው። በድንጋይ ዕድሜ ትናንት ማታ ነው። አፈርና ሣር ያላየህበት ለዚህ ነው፤ ድንጋይ በዚያ ደረቅ አገር ፈርሶ አፈር ለመሆን 200 ዓመት አይበቃውም።

ጫፉ ምላጭ የሆነው ሲፈስ ስለወፈረ ነው። ወፍራም ላቫ ከላይ ይደርቃል፣ ከሥር ግን መሄዱን አያቆምም። የደረቀው ይሰባበርና በላዩ ላይ ይንከባለላል፣ ተመልሶ ሥሩ ይገባል። ያንን ክምር ነው የረገጥከው። አንዱን አንስተህ ብታየው ዓይን በዓይን ነው፤ ልክ እንደ እንጀራ። ምክንያቱም ያው ነው፦ ጋዝ እየወጣ ሳለ ደረቀ።

ግራጫው ግን ላቫ አይደለም። 170 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው፣ የጋለ አመድ ነው። ፈንታሌ ያኔ በኃይል ፈነዳና ከሆዱ ብዙ ስለወጣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ተራራው 2,007 ሜትር ነው፤ ላይ ብትወጣ ግን ጫፍ አታገኝም፣ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል በ2 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን ጉድጓድ ነው የሚጠብቅህ። የወጣው አመድና ጋዝ በተራራው ጎን እንደ ጎርፍ ወረደ። ሲቆም ገና በጣም የጋለ ስለነበር በራሱ ክብደት ተጫጭኖ ተጣበቀ። ድንጋዩን ጠጋ ብለህ ብታየው ኖሮ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ምላስ የመሰሉ ነገሮች ታይ ነበር። እነሱ በአረፋ የተሞሉ ድንጋዮች ነበሩ፤ ተጨፍልቀው መስታወት ሆኑ።

አሁን ወደ ዋሻው። እንጀራውን ተወውና ቂጣ አስብ። ቂጣ ምጣድ ላይ ሲበስል ላዩ ቶሎ ይደርቅና ከሥር የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ያጣል። ያኔ ላዩን አንስቶ ይነፋዋል። በጣትህ ስትጫነው ፍስስ ይላል፣ ውስጡ ባዶ ነው። የፈንታሌ ጉብታዎች እንደዚያ ናቸው። የአመዱ ድንጋይ ገና እንደ ሊጥ ለስላሳ ሳለ ጋዝ ከሥሩ ተጠራቅሞ ላዩን እንደ ቂጣ ነፋው። እንደተነፋ ደረቀ። ከዘመን በኋላ ጣሪያው በአንድ በኩል ሲደረመስ ጅቡ በር አገኘ። እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ የውጭ ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት በፊት ጀምረው የጻፉበትም ለዚህ ነው።

ሚሚ_ካዛንቺስ

ጅብ ቂጣ ውስጥ ይኖራል። ገባኝ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልፈልግም 😂

ማርታ_ዘሐዋሳ

@ባልጩት፣ ቂጣውን ወድጄዋለሁ ግን አንድ ነገር ግር ብሎኛል። አፋር ያለው እሳተ ገሞራ፣ ኤርታ አሌ ሄጄ ነበር፣ ከ2009 በፊት፣ የላቫ ሐይቁ ጉድጓዱን ሞልቶ ሳለ። እዚያ መሪያችን ያሳየን ዋሻ እንደ ቱቦ ረጅም ነበር እንጂ እንደ ጎጆ ክብ አልነበረም። እሱም በጋዝ ነው?

ያልሄዳችሁበት ካላችሁ ትንሽ ልንገራችሁ። ኤርታ አሌ 613 ሜትር ብቻ ነው። ከፍታው ሳይሆን ሙቀቱ ነው የሚገድለው፤ ስለዚህ ጉዞው በሌሊት ነው። ከዶዶም ተነሥተን ፍራሹን በግመል ጭነን 3 ሰዓት ተኩል ሄድን። ጨለማ ነው፤ የምታየው የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። ከፊታችን ሰማዩ ቀይ ነበር። እኔ መጀመሪያ ከተማ መስሎኝ «የት ከተማ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። የአፋሩ ልጅ እስከ አሁን እየሣቀ ይመስለኛል።

ጫፉ ላይ ደርሰን ወደ ጉድጓዱ ስንወርድ መሬቱ ተለወጠ። የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ። ስትረግጪው እንደ ቀጭን ብርጭቆ ቅርጭም ይልና እግርሽ አንድ ስንዝር ይሰምጣል። በየስንጥቁ ወርቃማ ክር ተሰክቷል። ፀጉር መስሎኝ አነሳሁት፤ መስታወት ነው! ላቫው ሲፈናጠር ነፋስ እየመዘዘ የፈተለው መስታወት። ለሁለት ቀን ጣቴን ሲወጋኝ ነበር።

ድምፁን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። ባሕር አይደለም፣ እሳትም አይደለም። ትልቅ ድስት ወጥ ሲንተከተክ፣ ግን ድስቱ ስታዲየም ሲያክል።

ባልጩት

@ማርታ፣ ያንቺው ሌላ ነው። እሱ የላቫ ቱቦ ነው። የኤርታ አሌ ላቫ ቀጭን ስለሆነ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ላዩ ሲቀዘቅዝ የፈላ ወተት ስልባቦት እንደሚይዘው ይይዛል። ከስልባቦቱ ሥር ያለው ግን ሙቀቱ ስለማይወጣ ሩቅ ይሄዳል። ምንጩ ሲቆም ያለው ፈስሶ ያልቅና ቱቦው ባዶውን ይቀራል። እግርሽ የሰመጠውም የስልባቦቱን ዘመድ ሰብረሽ ነው።

ቂጣና ስልባቦት። አንዱ በጋዝ ተነፋ፣ ሌላው ከሥር ተንቆረቆረ። በነገራችን ላይ ሐይቁ በታኅሣሥና ጥር 2009 በጎን ሌላ ስንጥቅ ሲከፈት ወረደ። የ2017 ሐምሌው ፍንዳታ ደግሞ ጉድጓዱን ራሱን ቀይሮታል። ያየሽውን ማንም ደግሞ አያየውም።

የቀድሞ_ምድርባቡር

ልጆች፣ ሽማግሌ ጣልቃ ልግባ። ምድር ባቡር ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ያንን ጥቁር ድንጋይ በሊትሪናው ባቡር ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለፍኩት እኔም አላውቀው።

ስለ ድንጋዩ ስታወሩ አንድም ሰው የበሰቃን ሐይቅ አላነሳም። ድንጋዩን እየበላው ያለው እሱ እኮ ነው! እኔ ወጣት ሳለሁ በሰቃ ኩሬ ነበር። 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ላቫው መሃል ገብቶ ጥቁር ደሴቶች ሠርቷል። ውሃው ጨው ነው፤ ሶዳ ነው፤ ለከብትም ለእርሻም አይሆንም። ሐዲዱን ስንት ጊዜ ከፍ አደረግነው! ድንጋይ ስንደፋ ውሃው ይከተለናል፣ ስንደፋ ይከተለናል። አስፋልቱም እንደዚያው። አሁን በመኪና ስታልፉ በግራና በቀኝ ውሃ የምታዩት መንገዱ በሐይቁ መሃል በተደፋ ድንጋይ ላይ ስለተሠራ ነው። ድሮ እዚያ ግመል ሲያልፍ አይቻለሁ።

ለምን አደገ ብትሉኝ፣ አንዱ የመስኖ ውሃ ሰርጎ ነው ይላል፣ ሌላው ከመሬት ሥር ፍል ውሃ ጨምሮ ነው ይላል። እኔ የማውቀው ሌሊት ሌሊት ፋኖስ ይዘን ውሃው ከሐዲዱ ስንት ጣት እንደቀረው እንለካ እንደነበር ነው።

የድሬዳዋው ልጅ፣ አያትህ ነጠላዋን አፏ ላይ ማድረጓ ትዝ አስባለኝ። በባቡሩም ሴቶች እንደዚያ ያደርጉ ነበር። አቧራ ነው ስንል፣ አቧራ አይደለም።

የገንደቆሬው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አያቴ በሕይወት ብትኖር ዛሬ ማታ ደውዬ አነብላት ነበር። ጥቁሮቹን ደሴቶች እኔም አይቻለሁ፤ አንዱ ላይ ነጫጭ ወፎች ተደርድረው ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ውሃው የበላው ሐዲድ አሁን ይታያል?

የቀድሞ_ምድርባቡር

ውሃው ሲጎድል የድሮው ስልክ እንጨት ጫፉ ይታይ ነበር። አሁን እንጃ ልጄ፤ ከሄድኩ ቆየሁ።

መተሐራ_ተወላጅ

ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ግን እኔ እዚያው ነው የምኖረው፣ ስለዚህ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ዋሻው የሚገኝበትን ቦታ እዚህ እንዳትጽፉ። የገንደቆሬው አልጻፈም፣ ተመስገን። ሰው ያለ መሪ ይመጣና ጉብታው ላይ ወጥቶ ፎቶ ይነሳል። ያ ጣሪያ ነው! የሰው ብቻ ሳይሆን የግመልም እግር ሰብሯል። ማታ የሚመጣው ደግሞ ጅብ ለማየት ባትሪ ይዞ ቀዳዳው ላይ ይቆማል። ጅብ ሌላ በር እንደሌለው አስቡት። በሩ ላይ የቆምከው አንተ ነህ። እዚህ አካባቢ ጅብ ማየት የሚፈልግ ከፓርኩ ሰዎች ጋር ራቅ ብሎ ምሽት ላይ ሲወጡ ያያል። ያማረ ነገር ነው፤ ግልገሎቹ ቀድመው ብቅ ይላሉ።

ሁለተኛ፣ «200 ዓመት» ስትሉ ያለፈ ታሪክ አታስመስሉት። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ምን እንደነበር አዲስ አበባ ያላችሁ አልጋችሁ ተንቀሳቅሶ ሰምታችኋል። እኛ ግን እዚያው ነበርን። ቀን ሳይቀር በየሰዓቱ ይመጣ ነበር። ትልልቆቹ ከ5.5 በላይ ነበሩ። እናቴ የወጥ ድስት ምድጃ ላይ መጣዷን አቆመች፤ ይደፋል ብላ። ሰውነታችን ከመለመዱ የተነሣ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ዶሮዎቹ ዝም ሲሉ እኛም ዝም እንላለን። ግድግዳችን ተሰነጠቀ፣ አስፋልቱ ተሰነጠቀ፣ ወደ ዶፈን ተራራ በኩል ከመሬት ውስጥ እንፋሎትና ጭቃ ተተፋ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። እኛ ዘመድ ጋር ሁለት ወር ተቀመጥን። ስንመለስ ቤቱ ቆሟል፤ በሩ ግን አይዘጋም። እስከ ዛሬ አይዘጋም፣ ገመድ አስረንበታል።

ባልጩት

@መተሐራ_ተወላጅ፣ ልክ ነህ፤ እኔም እንደዚያ ማስመሰሌን አሁን ሳነበው አየሁት። ያኔ የሆነው ከፈንታሌ ወደ ዶፈን ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ከመሬት ሥር ሾልኮ መግባቱ ነው። እንደ ቢላዋ ቀጥ ብሎ ይገባና መሬቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። በሳተላይት ሲለካ መሬቱ መራራቁ ታይቷል። ላይ ቢደርስ ኖሮ 1820ን እናይ ነበር። አልደረሰም፤ ከሥር ቀረ። ስምጥ ሸለቆው እዚያ አካባቢ በአማካይ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል ይባላል፤ ግን በየዓመቱ እኩል አይደለም። ዝም ይልና የመቶ ዓመቱን በጥቂት ሳምንት ይከፍላል። እናንተ ቤት በር ላይ የከፈለው እሱን ነው።

ከፈንታሌ በስተደቡብ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ከተማ ከነቤተ ክርስቲያኑ በእሳተ ገሞራ ጠፋ የሚል ትረካም አለ። የጠፋበትን ቦታ ጣቱን ቀስሮ ያሳየኝ ሰው ግን የለም።

ሰመራ_ነኝ

ወደ እኛ በኩልም ተመልከቱ እንጂ። ኅዳር 14 2018 ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ኤርታ አሌ ሲባል የሚሰማ ሁሉ ጎረቤቱን ሃይሊ ጉቢን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ከዚያ በፊት በሰው ዘንድ ፈንድቶ የታወቀበት ጊዜ የለም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን፣ ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደረሰ፤ አውሮፕላኖች ተሰረዙ። ዓለም ያወራው ስለ አውሮፕላኑ ነው። አፍዴራ በኩል ያሉ ዘመዶቼ ያወሩት ስለ ሣሩ ነው። አመድ የለበሰ ሣር ፍየል አትበላም።

የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ይቀመጣል፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ ይባባላል። ያን ሰሞን ዳጉው ሁሉ አንድ ነገር ነበር፦ የት ነው ነጭ ያልሆነው?

ጂዳ_ያለሁት

ውይይቱን ከጅምሩ አነበብኩት፤ የሥራ እረፍቴ አለቀ 🙂

እዚህ ሳውዲም እንደኛው ጥቁር አገር አለ። «ሐራ» ይሉታል። ከመዲና ወደ ኸይበር ስትሄዱ የመተሐራው መቶ እጥፍ ነው። አሠሪዬ ቤተሰቡን ይዞ ሲሄድ እኔም ልጆቹን ይዤ ሄጄ ነበር። መኪናው መስኮት ላይ ተለጥፌ «መተሐራ፣ መተሐራ» ስል ልጆቹ ቃሉን ለመዱት። አሁንም ጥቁር ድንጋይ ሲያዩ «መተሐራ!» ይላሉ።

እዚያ ኡም ጅርሳን የሚባል የላቫ ቱቦ አለ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይረዝማል። እኛ አልገባንም፣ ከሩቅ ነው ያሳዩን። በኋላ ሳነብ ውስጡ በሺዎች የሚቆጠር አጥንት ተገኝቷል፤ ያጠራቀመው ማን ነው? ጅብ! ሰውም በጥንት ዘመን ከነከብቱ ይጠለልበት ነበር። የገንደቆሬው የፍየል መንጋጋና ጥላሸት ሲል ደንግጬ ነው የተነሳሁት።

መዲና አካባቢም እ.ኤ.አ. በ1256 ፈንድቶ ከ50 ቀን በላይ ሲፈስ ቆይቶ ከተማዋ አጠገብ ቆመ ይላሉ። እዚህ ሰው እስከ ዛሬ ይተርከዋል። እኛ ጋ የ1820ውን የሚተርክ አለ?

መተሐራ_ተወላጅ

@ጂዳ_ያለሁት፣ እህቴ፣ የከረዩ ሽማግሎች ዘንድ ጥቁሩን ድንጋይ በተመለከተ የሚነገር አለ። ግን እኔ ከፊሉን ነው የሰማሁት፣ ከፊሉንም በልጅነቴ አልጨረስኩትም፣ እዚህ አበላሽቼ አልጽፈውም። በአገር ስትመጪ እነሱው ይንገሩሽ። ልጆቹ ግን መተሐራ ማለታቸው ደስ ብሎኛል።

አቡ_ጉዞ

ነገሩ ሁሉ ተጋነነ። እኔ ብቻዬን፣ ያለ ማንም፣ በሸበጥ ገብቼ ወጥቻለሁ። ምንም የለም። ድንጋይ ነው።

ሚሚ_ካዛንቺስ

በሸበጥ?

አቡ_ጉዞ

እሺ፣ ሸበጡ አልወጣም።

ማርታ_ዘሐዋሳ

😂😂 ዛሬ የሣቅኩት ይበቃኛል።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ እኔ ካየሁት፦ ከመጋቢት በኋላ አትሞክሩት፤ ድንጋዩ እጅ አያስቀምጥም። ለአንድ ሰው 4 ሊትር ውሃ ለግማሽ ቀን ብዙ አይደለም። ስኒከር ሳይሆን ቆዳ ቡትስ። ዋሻ ውስጥ የሌሊት ወፍ ኩስ ካለ አቧራውን አታስነሱ፣ አፋችሁን ሸፍኑ፤ ሳንባ ይይዛል። የገንደቆሬው አያት ነጠላ እዚህ ላይ ሳይንስ ነው።

ባልጩት

አንድ ልጨምር። ከእሳተ ገሞራ ጋር በተያያዘ ጎድጓዳ ቦታ ከአየር የሚከብድ ጋዝ ሊተኛ ይችላል። አይሸትም። ራስህን ካዞረህ ቁጭ አትበል፣ ውጣ። ጋዙ ያለው ከሥር ነው።

የገንደቆሬው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ይህን ያህል ሰው ይመልሳል ብዬ አልጠበቅኩም።

ትናንት ለጓደኛችን ደወልኩለት። የቂጣውን ነገር ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እናቴም እንደዚያው ነው የምትለው፣ መሬቱ አልተጋገረም ትላለች» አለኝ። ባልጩት፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ከእናቱ ጋር እኩል ወጣህ።

ስኒከሬን ለሊስትሮ ወሰድኩት። ሶሉን ገልብጦ አየና «ምን ላይ ነው የሄድከው?» አለኝ። አንድ ቁራጭ ጥቁር ድንጋይ ሶሉ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። በወረንጦ አወጣው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ዓይኖቹን ቆጥሬ 31 ላይ ደክሞኝ ተውኩት።

የካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ ተመልሼ ልሄድ ነው፣ ይህን ጊዜ የፈንታሌን ጉድጓድ አፍ ከላይ ለማየት። መተሐራ_ተወላጅ፣ ለበሩ ማጠፊያ ላምጣ? ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

መተሐራ_ተወላጅ

ማጠፊያው አይደለም ችግሩ፣ ግድግዳው ነው የዞረው። ግን ና። ቡናውን እናቴ ታፈላለች፤ ድስትም መጣድ ጀምራለች።